የሶላር ፓኔል መስታወት አቧራ እንዳይዝ እንዴት ይቀባል?

ባሕር ዳር ዝናቡ ካቆመ በኋላ ጣሪያ ላይ ያለ ሶላር አቧራ ይለብሳል። ጣና ዳር ከሆናችሁ የወፍ ኩስም አለ። «ራሱን ያጸዳል» ተብሎ የሚሸጠውን ቅባት ከመግዛታችሁ በፊት ግን መጀመሪያ መስታወቱን እዩት።

ተራ መስታወት ከላይ ከሚያርፍበት ብርሃን 4 ከመቶ ያህሉን ይመልሳል። ይህን ለመቀነስ አብዛኞቹ አዳዲስ ፓኔሎች ከፋብሪካ ስስ የሲሊካ ሽፋን ይዘው ይመጣሉ። ሽፋኑ በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ ነው፤ የፀጉር ውፍረት በመቶዎች እጥፍ ይበልጠዋል። ከጎን ስታዩት ነጸብራቁ ወደ ሰማያዊ ካደላ ሽፋኑ ሳይኖር አይቀርም። እንዲህ ያለው ላይ የመኪና ፖሊሽ በፍጹም አትቀቡ። ቀዳዳዎቹን ይደፍናል፤ ብርሃን መመለሱም ይብሳል። ሌላ ቅባትም ቢሆን የፓኔሉ መመሪያ ካልፈቀደ ይቅር። ዋስትናችሁን ሊያሳጣችሁ ይችላል።

ሥራው የሚጀመረው ጠዋት፣ መስታወቱ ሳይግል ነው። ማብሪያውን አጥፉ። መጀመሪያ ውሃ አፍስሱበትና አሸዋው ይውረድ።

ዋናው ነገር እጥበቱ ነው። ጤዛ ያረሰው አቧራ ፀሐይ ሲያገኘው እንደ ጭቃ ይጣበቃል። በደረቅ ጨርቅ ከፈተጋችሁት አሸዋው መስታወቱን ይቧጭራል፤ ሽፋኑን ይልጣል። የወፍ ኩስ ላይ እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጉና እስኪርስ ጠብቁ። ከዚያ በለስላሳ ስፖንጅና በጥቂት ጠብታ ላርጎ እጠቡት። ሽቦ፣ በረኪናና የሳሙና ዱቄት አይነካው። የጉድጓድ ውሃ ሲደርቅ ነጭ ነጠብጣብ ይተዋል። ስለዚህ የመጨረሻው ማለቅለቂያ በክረምት የተጠራቀመ ንጹህ የዝናብ ውሃ ይሁን። እኔ ከሁሉም እሱን እመርጣለሁ።

በደንብ ሲደርቅ ቅባቱን ከዳር በትንሹ ሞክሩ። ጭጋግ መሰል ነገር ካልተወ ቀጥሉ። ስስ አድርጉ፤ በቅባቱ ዕቃ ላይ የተጻፈው የመድረቂያ ጊዜ ሳይደርስ ውሃ አታስነኩት።

ሁለት ተመሳሳይ ፓኔል ካላችሁ አንዱን ብቻ ቀቡ። ቀትር ላይ የሁለቱንም አምፔር በቴስተር ለክታችሁ አወዳድሩ። የተቀባው ካነሰ ገንዘባችሁን አታባክኑ።

ደግሞም ይህ ቅባት ያለ ውሃ አይሠራም። አቧራውን ይዞ የሚወርደው ጠብታው ነው። ፓኔሉ 15 ዲግሪ ያህል ወደ ደቡብ ያዘንብል፤ በበጋ ደግሞ በየጊዜው ውሃ አፍስሱበት።