ችክችካ የለመደ እግር ጃዝ ዋልዝ ሲጫወት

ደብረ ብርሃን ውስጥ ሳክስፎን የማስተምራቸው ልጆች ጃዝ ዋልዝ (በሦስት ምት የሚሄድ ጃዝ) ሲጀምሩ የሚሰናከሉት አንድ ቦታ ላይ ነው፤ እግራቸው ሳያስቡት ወደ ችክችካ ይሄዳል። አልፈርድባቸውም። በመንዝ ሠርግ ከበሮ እየሰማ ያደገ ጆሮ ስድስት ትንንሽ ምት ሲያገኝ ሦስት ሦስት አድርጎ ለሁለት ይከፍለዋል። ዋልዝ ያንኑ ስድስት ሁለት ሁለት አድርጎ ለሦስት ይከፍለዋል።

መሣሪያውን አስቀምጡ። ሜትሮኖሙን (ምት ቆጣሪውን) በደቂቃ 100 ምት ላይ አድርጉና እግራችሁ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ይርገጥ። አሁን በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ብቻ አጨብጭቡ፤ አንዱን ከ«አንድ» ጋር፣ ሌላውን በ«ሁለት» እና በ«ሦስት» መካከል። እጃችሁ ችክችካ ነው፣ እግራችሁ ዋልዝ። በእኔ እምነት ዋልዙን ከዳንስ አዳራሽ አውጥቶ ጃዝ የሚያደርገው በዋናነት ይኸው የሁለትና የሦስት ሽሚያ ነው። ሌላው ተማሪ የሚለፋበትን ሁለት እናንተ ከቤት ይዛችሁት መጥታችኋል፤ አትጣሉት፣ ከእግር ወደ እጅ አዛውሩት እንጂ።

ቀጥሎ ሳክስፎን። (ጠዋት ከሆነ አስቀድማችሁ በትንፋሽ አሙቁት፤ በዚህ ከተማ ብርድ ድምፁ ይወርዳል።) ትዝታ ሜጀርን ከዶ ያዙ፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። የቅኝቱ ድምፆች አምስት ናቸው፤ በአንድ ባር (በአንድ የሦስት ምት ዙር) ውስጥ ያሉት ግማሽ ምቶች ግን ስድስት። በየግማሽ ምቱ አንድ ድምፅ እያደረጋችሁ አምስቱን ሳታቋርጡ ደጋግሙ። ሁለተኛው ባር በሬ ይጀምራል፣ ሦስተኛው በሚ፣ አራተኛው በሶል፣ አምስተኛው በላ። ዶ ከ«አንድ» ጋር እንደገና የሚገጥመው ስድስተኛው ባር ላይ ነው። እስከዚያ እግር ከሳተ ከመጀመሪያው። ይህ ሳይያዝ ስለ ስዊንግ (ስለ ጃዙ የሚወዛወዝ ምት) አናወራም።

ሶሎው (ብቻችሁን የምትፈጥሩት ዜማ) ውስጥ በየባሩ «አንድ»ን መምታት ተዉ፤ የሚያሰለች ነገር ነው። አራት ባር እንደ አንድ ስንኝ ቁጠሩ፤ ሐሳቡን ከ«ሁለት» በኋላ ጀምሩና ሦስተኛው ባር ላይ ጨርሱ። አራተኛውን ለከበሮው ተዉለት፤ አዝማሪም ስንኙን ጥሎ ለማሲንቆው ቦታ ይለቃል።

ለጆሮ ደግሞ የጃዝ ሳክስፎን ተጫዋቹ ጆን ኮልትሬን እ.ኤ.አ. በ1960 የቀረጸውን «ማይ ፌቨሪት ቲንግስ» ስሙ። መጀመሪያ ሳክስፎኑን እለፉትና የኤልቪን ጆንስን ከበሮ ብቻ ተከተሉ፤ እግራችሁ ሦስት እየረገጠ፣ እጃችሁ ሁለት እያጨበጨበ። ሁለቱም ሳይፋለሱ እስከ መጨረሻው ከዘለቁ ሜትሮኖሙን ወደ 140 አሳድጉትና ወደ ትዝታው ተመለሱ።