ልጆቻችን በአፍላነት በሚያነቡት ላይ የምንሠራቸው ስህተቶች

ደሴ ውስጥ ሃምሳ ዓመት ካለፈው ሰው ጋር ቡና ይዛችሁ ተቀመጡና ልጅ ሆኖ ምን ያነብ እንደነበር ጠይቁት። ባለፈው ወር ያነበበው ጠፍቶበት፣ ያኔ ያነበበውን ግን ከነገጸ ባሕርያቱ ስም ይዘረግፍላችኋል። ሙያውን፣ ፖለቲካውን፣ አንዳንዴ የልጁን ስም ሳይቀር ከዚያ ነው ያመጣው። እንዲህ ከባድ ነገር ሆኖ ሳለ ቤታችን ውስጥ የምንይዘው ግን በጣም በዘፈቀደ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት «ልቦለዱን አስቀምጥና ትምህርትህን አጥና» የሚለው ነው። የወላጅ ፍርሃት ይገባኛል። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ይሄን የሰማች እናት ልቦለድ ስታይ ብትደነግጥ አይፈረድባትም። ግን ልቦለዱን የተቀማ ልጅ ወደ ፊዚክስ አይሄድም። ወደ ቲክቶክ ነው የሚሄደው። ረጅም ጽሑፍ ታግሶ መጨረስን ደግሞ የሚለማመደው በሚጥመው ነገር ነው፣ በግዳጅ አይደለም።

ሁለተኛው፣ «ዕድሜህ አይደለም፣ አይገባህም» ማለት። እዚህ ወሎ ውስጥ ይሄን የሚል ሰው ሲገጥመኝ ይገርመኛል። የቄስ ተማሪው ዳዊት የሚደግመው ግእዙ ገብቶት ነው እንዴ? ቁርአን ቤት የሚሄደውስ ሎህ (የእንጨት ሰሌዳው) ላይ የሚጽፈው ዐረብኛ መች ገባው? ቃሉ ቀድሞ ይገባል፣ ትርጉሙ ከዓመታት በኋላ ይደርሳል። ለልጅ የማይሆን መጽሐፍ የለም እያልኩ አይደለም፤ ከበደው ብላችሁ ብቻ ግን አትንጠቁት።

ሦስተኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም በጣም ያስከፈለን እሱ ነው፦ ልጁን ከአንድ ዓይነት መጽሐፍ ጋር ብቻውን መተው። የተማሪዎች ንቅናቄ ታጋዩ ዋለልኝ መኮንን እዚሁ ደሴ የወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት ተማሪ ነበር። ከዚያ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በ1962 ዓ.ም. ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ የጻፋት ጽሑፍ ጥቂት ገጽ ናት፤ ዛሬም ግን ታጨቃጭቀናለች። ያ ትውልድ አንባቢ ነበር፣ እነ ማርክስን፣ እነ ሌኒንን በአፍላ ዕድሜው እየተቀባበለ ያነበበ፣ ባነበበውም ሕይወቱን የሰጠ። ማን ልክ ነበር የሚለውን ለታሪክ ጸሐፊዎች ልተወው። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፦ አንድ መደርደሪያ ብቻ ያነበበ ወጣት፣ ከጎኑ የሚሞግተው ታላቅ ከሌለ፣ የተለየ ነገር ያነበበውን ሰው እንደ ጠላት ማየት ይጀምራል። ያ ደግሞ ሄዶ ሄዶ የት እንዳደረሰን በቀይ ሽብር ልጅ ያጣ ቤተሰብ ያውቀዋል። ዛሬ መጽሐፉ ተቀይሯል። አንዱ ልጅ የብሔሩን በደል የሚዘረዝር ብቻ ያነባል፣ ሌላው የሃይማኖት ክርክር፣ ሌላው ደግሞ «በአጭር ጊዜ ሀብታም ሁን» የሚለውን (እሱ እንኳን ጉዳቱ ኪስ ላይ ነው)። መፍትሔው መንጠቅ አይደለም። ያንኑ መጽሐፍ አንብቡትና ማታ እራት ላይ ተከራከሩት፣ ከዚያ ተቃራኒውን የሚል ሁለተኛ መጽሐፍ አቀብሉት። ይሄን የምታደርግ ታላቅ እህት ያለችው ልጅ የታደለ ነው።

አራተኛው አጭር ነው። መጽሐፍ እንዳይበላሽ ብሎ ቡፌ ውስጥ መቆለፍ። ይበላሽ! ይቀደድ፣ ወጥ ይንካው። እንዳይነካ የተባለ መጽሐፍ ማንንም ቀርጾ አያውቅም።

ሌላው «መስማት ንባብ አይደለም» የሚለው ንቀት ነው። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርከው ስንቱ ፊደል ያልቆጠረ ሰው ነው በዛብህን ያወቀው። ልጃችሁ ከደሴ ኮምቦልቻ፣ የሐረጎን ቁልቁለት እየወረደ በስልኩ ትረካ ቢያዳምጥ አትሳቁበት። ወዶት መጽሐፉን ፈልጎ የሚገዛም አለ።

የመጨረሻው የኛ የትልልቆቹ ነው። የወደድነውን መጽሐፍ ሳንመለስበት ልጅ ላይ እንጭናለን፤ «እኔን ሰው ያደረገኝ ይሄ ነው» ብለን። ልጁ አሥር ገጽ ሳይሄድ ይተወዋል፣ እኛም ትውልዱን እንረግማለን። ክረምት ላይ፣ ከጦሳ ተራራ የወረደው ጉም ከቤት አላስወጣ ሲል፣ ራሳችሁ እንደገና አንብቡት። አንዳንዱ ዛሬም ያስለቅሳል። አንዳንዱ ግን ሴቶቹን የሚያወራበት መንገድ፣ ወይም ድሃውን የሚያይበት ዓይን፣ እንዴት ያኔ አልታየኝም ያሰኛል። ያንን ካገኛችሁ አትደብቁት። መጽሐፉን ስትሰጡት እሱንም ጨምራችሁ ንገሩት፣ ይሟገታችሁ።