ከአኒሊን ወደ ክሎሮቤንዚን፦ በበረዶ አትሰስቱ

ጎንደር ላይ በእኩለ ቀን ሙቀት ላብ የምትገቡ፣ ብልቃጡን የምታስቀምጡበት በረዶ ላይ የምግብ ጨው ነስንሱበት። የዳያዞኒየም ጨው (አኒሊን ከአሲድና ከናይትራይት ጋር ሲገናኝ የሚፈጠረው፣ ወደ ክሎሮቤንዚን የሚለወጠው መካከለኛ ውህድ) ከ5 ዲግሪ ካለፈ ናይትሮጅኑን እየለቀቀ ፊኖል ይሆናል፤ ብልቃጡ ውስጥ ጥቁር ሙጫ የሚቀረውም አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ነው።

ለ9.3 ግራም አኒሊን 25 ሚሊ ሊትር ያልተበረዘ ሃይድሮክሎሪክ አሲድና ያንኑ ያህል ውሃ። አሲዱን ከቀነሳችሁ የተረፈው አኒሊን ከዳያዞኒየሙ ጋር ተጣብቆ ቢጫ ዝቃጭ ይሠራል። 7 ግራም ሶዲየም ናይትራይት በ20 ሚሊ ሊትር ውሃ አሟሙታችሁ ጠብ ጠብ አድርጉት። መጨረሻ ላይ 3 ደቂቃ ጠብቃችሁ አንድ ጠብታ በስታርች አዮዳይድ ወረቀት ሞክሩ፤ ወዲያው ከጠቆረ በቃ። ትርፉን ናይትራይት ቁንጥር ዩሪያ ያጠፋዋል።

ከዚያ የዳያዞኒየሙን ውህድ በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውስጥ ወደሟሟ ቀዝቃዛ ኩፕረስ ክሎራይድ (የመዳብ ጨው) ጨምሩትና ቀስ በቀስ እስከ 60 ዲግሪ አሙቁ። አረፋው ይገነፍላል፣ ሰፊ ብልቃጥ ያዙ። በክሎሪን ፋንታ ብሮሚን ያለበትን (ብሮማይድ) ከፈለጋችሁ የመዳቡ ጨው ኩፕረስ ብሮማይድ፣ አሲዱም ሃይድሮብሮሚክ ይሁን፣ አለዚያ ክሎራይድ ይቀላቀልበታል። አዮዲን ላለበት (ለአዮዳይድ) መዳብ አያሻም፣ ፖታሲየም አዮዳይድ ይበቃል።

ክሎሮቤንዚኑን ስታነጥሩ በባሕር ጠለል የሚፈላበትን 132 ዲግሪ አትጠብቁ፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆንን ወደ 123 ግድም ይፈላል። የዳያዞኒየሙን ጨው ግን አጣርታችሁ እንዳታደርቁት፤ ሲደርቅ ይፈነዳል።