ወረዳን ወክላችሁ በውሃ ጉዳይ ስትከራከሩ ከእነዚህ ተጠንቀቁ

ጎጃም ውስጥ የወረዳ ውሃ ጽሕፈት ቤቶችን ወክዬ በዐቃቤ ሕግነት ለዓመታት ተከራክሬያለሁ። አዲስ የሚመደቡ ልጆች እዚያው ጉድጓድ ሲወድቁ እያየሁ ዝም ማለት ስላልቻልኩ ነው የምጽፈው።

ከሁሉ የሚብሰው ምንጭን ሳይለኩ ማጎልበት ነው። ቧንቧው ወደ ከተማ ይወርዳል፤ በሁለተኛው በጋ የታችኛው ቀበሌ «ጅረታችን ደረቀ» ብሎ ይከሳል። ፍርድ ቤቱ «ቀድሞ ምን ያህል ነበር?» ሲል መልስ ይጠፋል። እኔም አንድ ጊዜ ያለ አንዳች ቁጥር ቀርቤያለሁ። ለምስክርነት የመጡ አዛውንት «ልጄ፣ ቧንቧውን ለካችሁ፤ ውሃውን ግን አልለካችሁትም» አሉኝ። ተረታን፤ ፍርዱም ትክክል ነበር። ልኬቱ እኮ ቀላል ነው! በሚያዝያ፣ ውሃው በሚያንስበት ጊዜ፣ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በስንት ሴኮንድ እንደሚሞላ ደጋግማችሁ ያዙ። የላይና የታች ሰዎች፣ ውሃ የሚያከፋፍለው የውሃ አባቱም ባሉበት ቃለ ጉባኤው ላይ ይፈረም። ለከብት የሚለቀቀው ውሃ በየት በኩል እንደሚሄድም እዚያው ይጻፍ። በነሐሴ የተለካ አይረባችሁም፤ በነሐሴ የማይፈስ ቦይ የለም። ዳኛው ቦታውን እንዲያይ ስትጠይቁም ቀጠሮው ክረምት ላይ እንዳይውል ታገሉ።

«አዋጁ ለቤት ፍጆታ ቅድሚያ ይሰጣል፤ ስለዚህ ከተማው ይቀድማል» የሚል መልስ ደጋግሜ አንብቤያለሁ። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ቅድሚያውን ሰጥቷል፤ ከመስኖ ጋር ስትከራከሩ ይጠቅማችኋል። ከጅረቱ ቀድታ የምትጠጣዋ የታችኛዋ እናት ግን እሷም የቤት ፍጆታ ነው የያዘችው። እሷን በዚህ አንቀጽ አትረቷትም።

በ1952 የወጣውን የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 1228 ጀምሮ ጠቅሶ ውሃን ከመሬት ባለቤትነት ጋር ማያያዝም ይቅር። መሬት የግል በነበረበት ዘመን የተጻፈ ነው። ከሕገ መንግሥቱና ከአዋጁ ተነሱ።

ገበሬን «ያለ ፈቃድ ውሃ ጠለፈ» ብላችሁ ከመክሰሳችሁ በፊት የአዋጅ 197ን አንቀጽ 12 አንብቡ። ለባህላዊ መስኖ፣ በእጅ ለተቆፈረ ጉድጓድና ለውሃ ወፍጮ ፈቃድ አያስፈልግም።

የወረዳ ደብዳቤ የውሃ ፈቃድ አይደለም። የጨሞጋ ወንዝም ሆነ የብር ወንዝ መድረሻቸው ዓባይ ነው። ክልል የሚያቋርጥ ውሃ አጠቃቀምን የመወሰን ሥልጣን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 51(11) የፌዴራል ነው። ኃላፊው «ፈቅደናል» የሚል ደብዳቤ ሊፈርም ሲል ከፌዴራል የተሰጠውን የውክልና ሰነድ ጠይቁት፤ ቢቆጣም ጠይቁት።

የተሠራን የመስኖ ቦይ ለተጠቃሚዎች ስታስረክቡ ማኅበራቸው መመዝገቡን አረጋግጡ። በመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት አዋጅ 841/2006 የሕግ ሰውነት የሚያገኘው የተመዘገበ ማኅበር ነው። ርክክቡን ከኮሚቴ ጋር የፈረመ ወረዳ አውቃለሁ፤ ቦዩ በተናደ ጊዜ ከኮሚቴው ሦስቱ አገር ለቀው ነበር፣ የቀሩት ደግሞ «እኛ እንደ ግለሰብ አልፈረምንም» አሉ። ጥገናው በወረዳው በጀት ተሠራ።