ሴሉ ነው ወይስ ፈሳሹ? የነርቭ ሳይንስ ላብ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ማይክሮስኮፕ ሥር ያያችሁት ችግር ብዙ ጊዜ እዚያ አልተፈጠረም። ነገሩ የተበላሸው ጠዋት ሚዛኑ ጋ ነው፤ አለዚያም ባለፈው ሳምንት ጠርሙስ ሲታጠብ። ስለዚህ ወደ ኋላ እየሄዳችሁ ፈልጉ። በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር አትቀይሩ፤ ቢሳካም የትኛው እንዳስተካከለው አታውቁም።

ፈሳሹ ደፈረሰ

ሕያው የአንጎል ቁራጭ የሚቀመጥበትን ሰው ሠራሽ ፈሳሽ፣ በላብ አጠራር ኤሲኤስኤፍ፣ እያዘጋጃችሁ ነው። ካልሲየሙን ጠብ ስታደርጉ ነጭ ጉም ይነሳና ይሰራጫል። ካልሲየሙ ከካርቦኔትና ከፎስፌት ጋር ተያይዞ ዘቅጧል ማለት ነው።

ምክንያቱ ጋዙ ነው። የዚህ ፈሳሽ ፒኤች 7.4 አካባቢ የሚቆየው ውስጡ ያለው ባይካርቦኔት ከ5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ሲገናኝ ነው። ጋዝ ካልገባ ፒኤቹ ከፍ ይላል፣ ካልሲየሙም ይወርዳል።

መፍትሄው ቅደም ተከተል ነው። 95 በመቶ ኦክስጅንና 5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያለውን ጋዝ መጀመሪያ 15 ደቂቃ ያህል አስገቡ፣ ካልሲየሙን መጨረሻ ላይ ጨምሩ። የደፈረሰውን ድፉት። አጣርቼ ልጠቀምበት የሚል አይጠፋም፤ ግን ምን ያህል ካልሲየም እንደቀረ ማን ያውቃል?

ሴሎቹ አብጠዋል፣ ኒውክሊየሳቸው ጎልቶ ይታያል

ጤነኛ ሴል ጠርዙ ለስላሳ ነው፣ ኒውክሊየሱም ደብዛዛ። እየሞተ ያለው ያብጣል፣ ኒውክሊየሱ መስታወት ላይ እንደተለጠፈ ሳንቲም ቁልጭ ብሎ ይወጣል።

እዚህ ጋ ወዲያው ምላጭ ለመቀየር አትሩጡ። መጀመሪያ የማይክሮስኮፑን ፎከስ ወደ ውስጥ አውርዱ። ላይ ላዩ ብቻ ሞቶ ከሥር ጤነኛ ሴል ካለ ጥፋቱ የአቆራረጥ ነው። ምላጩ ደንዝዟል፣ ወይም ቫይብራቶሙ (ምላጩን እያንቀጠቀጠ የሚቆርጠው መሣሪያ) ወደ ላይና ወደ ታች ይንቀጠቀጣል፣ ወይም ፍጥነቱ በዝቷል። ከላይ እስከ ታች ሁሉም ከሞተ ግን ፈሳሹን ጠርጥሩ፤ አንጎሉ እንደ በረዶ ወደቀዘቀዘው ፈሳሽ ለመግባት ዘግይቶም ሊሆን ይችላል።

ፈሳሹን የሚያጋልጠው ኦስሞሜትር ነው፤ በፈሳሹ ውስጥ የሟሟው ነገር ምን ያህል እንደሆነ ይለካል። ብዙ ላቦች 300 ሚሊኦስሞል አካባቢ ይፈልጋሉ። የእናንተው ከወትሮው በ10 ገደማ ዝቅ ካለ ግሉኮስ ረስታችሁ ይሆናል፤ አብዛኛው ቀመር 10 ሚሊሞላር ግሉኮስ ስላለው ልዩነቱ በትክክል እሱን ያክላል። የተረሳ ካልሲየም ግን በዚህ መንገድ ለመያዝ ያስቸግራል። 2 ሚሊሞላር ካልሲየም ክሎራይድ ቢረሳ ቁጥሩ በ6 ያህል ብቻ ነው የሚቀንሰው፤ ያ ደግሞ በሌላ ትንሽ የመመዘን ስህተት ይሸፈናል። ለዚህ ነው ዱቄት በጨመራችሁ ቁጥር ወረቀቱ ላይ ምልክት ማድረግ ያለባችሁ። አሰልቺ ነው፣ ግን ቀን ያተርፋል።

እንስሳው አዋቂ ከሆነ ችግሩ ይብሳል። ሲቆረጥ ሶዲየሙን በሱክሮስ (ስኳር) ወይም ኤንኤምዲጂ በሚባል ኬሚካል የተካ ፈሳሽ ተጠቀሙ።

ስክሪኑ ላይ የማያቋርጥ ሞገድ አለ

የሴሉን የኤሌክትሪክ ምልክት በቀጭን የመስታወት ፒፔት ስትቀዱ የሚታየው ሞገድ 50 ወይም 60 ኸርዝ ከሆነ ከግድግዳው ኤሌክትሪክ ነው የሚመጣው። መሣሪያዎቹን አንድ በአንድ ከሶኬት ንቀሉ፤ ማጥፋት ብቻ አይበቃም። መብራት፣ ፓምፕ፣ የካሜራ ቻርጀር። ሞገዱ ፈሳሽ ሲፈስ ብቻ ከመጣ ቱቦው እንደ አንቴና እየሠራ ነው። የግራውንድ ሽቦዎቹን ሁሉ አንድ ነጥብ ላይ እሰሩ፤ እዚህም እዚያም ከታሰሩ ራሳቸው ቀለበት ሠርተው ሞገድ ይሰበስባሉ።

ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር ቀስ እያለ የሚንሸራተት ከሆነ ፒፔቱ ውስጥ ያለውን የብር ሽቦ እዩ። ካብለጨለጨ የክሎራይድ ሽፋኑ ተልጧል። ጥቁር ግራጫ እስኪሆን በረኪና ውስጥ ዘፍዝፉት፣ በደንብ እጠቡት።

ፒፔቱ ከሴሉ ጋር አይጣበቅም

ጫፉ ቆሽሿል። አንዴ ሴል የነካ ፒፔት ተመልሶ አይሠራም፣ ጣሉት። አዲሱም እምቢ ካለ ወደ ፈሳሹ ከመግባቱ በፊት ግፊት እንደነበረው አረጋግጡ፤ ቱቦው የሆነ ቦታ ሊያስተነፍስ ይችላል።

ቀለም የተቀባው ቁራጭ ሁሉ ያበራል፣ ወይም ምንም አያበራም

ዋናው አንቲቦዲ የምትፈልጉትን ፕሮቲን ይይዛል፣ ሁለተኛው ደግሞ ዋናውን ይዞ ያበራል። ሁሌም ሁለተኛው አንቲቦዲ ብቻ የገባበት አንድ ቁራጭ ይኑራችሁ። እሱም ካበራ ጥፋቱ የዋናው አንቲቦዲ አይደለም። የደም ሥሮች ብቻ ካበሩ የእንስሳው ደም ሥሮች በፈሳሽ ሲታጠቡ ደሙ በደንብ አልወጣም። ምንም ካልታየ ሕብረ ሕዋስ እንዳይበሰብስ በሚያደርገው ፎርማልዴሃይድ ውስጥ ብዙ ቆይቶ ሊሆን ይችላል። ቁራጩ በቀዳዳ ከተሞላ አንጎሉ ለመቆረጥ ሲቀዘቅዝ የተፈጠረ በረዶ ሥራ ነው፤ ከማቀዝቀዛችሁ በፊት 30 በመቶ ሱክሮስ ውስጥ እስኪሰጥም ጠብቁ።

ሁሉም ትክክል ነው፣ ግን አይሠራም

«ምንም አልቀየርኩም» የሚል ሰው መጀመሪያ ጠርሙሶቹን ይይ። አዲስ የተከፈተ ኬሚካል አለ? ጠርሙሱ በሳሙና ታጥቧል? ከሁሉ የከፋው ፎርማልዴሃይድ የነካ መቀስ ወይም ቢከር ወደ ሕያው ቁራጭ ጠረጴዛ ሲመጣ ነው። በዓይን አይታይም፣ ቁራጩን ግን ይገድላል። የፎርማልዴሃይድ ዕቃዎች ላይ ሁሉ ቀይ ቴፕ ለጥፉ፣ በሌላ መሳቢያ አስቀምጡ፣ በሌላ ገንዳ እጠቡ። አዲስ ተማሪ ላብ ሲገባም ከማይክሮስኮፑ በፊት መሳቢያውን አሳዩት።