የኤሌክትሪክ መኪና ሲገዙ ፍጥነቱን እንዴት እንደሚመዝኑ

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ሻጮች ከሲሲ (ከሞተሩ መጠን) ይልቅ “ከዜሮ መቶ በስንት ሰከንድ ይገባል” የሚለውን ማስቀደም ይወዳሉ። ገዢውን ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ሌላ ቁጥር ነው፤ መኪናው ሰው ጭኖ በሰዓት በ60 ኪሎ ሜትር እየሄደ ሳለ እስከ ጥግ ቢረገጥ 100 ለመግባት የሚፈጅበት ጊዜ።

1. መጀመሪያ የሚሄዱበትን መንገድ ይለዩ

መኪናው ከአዲስ አበባ የማይወጣ ከሆነ ስለ ጉልበት ብዙ አይጨነቁ። የኤሌክትሪክ ሞተር ከቆመበት ሲነሣ ጉልበቱን ወዲያው ይሰጣል፤ ማርሽ መቀያየር የለው፣ ቱር (የሞተር ዙር) እስኪያገኝ አይጠበቅም። ከፍታም አይነካውም። በከተማዋ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ቱርቦ (አየር ገፍቶ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው የቤንዚን ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል፤ የኤሌክትሪኩ ግን አየር ስለማይስብ የሚያጣው የለም።

“ትንሽ መኪና ዳገት አይወጣም” የሚለውን ስጋት በስሌት እንየው። ከነሰዎቹ 1,500 ኪሎ የሚመዝን መኪና 10 በመቶ ዳገት በሰዓት በ50 ኪሎ ሜትር ለመውጣት 25 ኪሎዋት (የሞተር ጉልበት መለኪያ ነው) ገደማ ይበቃዋል። የትንሿ የቻይና መኪና የቢዋይዲ ሲጋል ሞተር 55 ኪሎዋት ነው፤ ግማሹን እንኳ አልተጠቀመም።

ከከተማ ወጥተው ባለሁለት አቅጣጫ ጠባብ መንገድ ላይ የሚነዱ ከሆነ ግን ጉዳዩ ይለያል።

2. የተጻፈውን ቁጥር በጥንቃቄ ያንብቡ

ለትንንሽ መኪኖች አንዳንዴ የሚጻፈው ከ0 እስከ 50 ያለው ብቻ ነው። የሲጋል 4.9 ሰከንድ እንደዚያ ነው፤ ከሲጋል የሚተልቀው የቢዋይዲ ዩዋን ፕላስ 7.3 ሰከንድ ደግሞ ከ0 እስከ 100 ነው። ሁለቱን አያወዳድሩ። ባለ አንድ ማርሽ ሞተር ሲነሣ ይወረወርና ፍጥነቱ ሲጨምር ግፊቱ እየላላ ይሄዳል፤ መብራት ላይ ቀድሞ የሚፈተለከው መኪና ከ80 በላይ ሊደክም የሚችለው ለዚህ ነው። በተጨማሪም ማስታወቂያ ላይ የሚወጣው ኪሎዋት ብዙውን ጊዜ ለአጭር ጊዜ ብቻ የሚገኘው ከፍተኛው ነው። ረጅም ዳገት የሚመላለሱ ከሆነ ያለማቋረጥ የሚችለውን ይጠይቁ።

3. ከ60 እስከ 100 ራስዎ ይለኩ

ባዶ መኪና ሰፈር ውስጥ አዙሮ መመለስ ፈተና አይደለም። እንዲህ ያድርጉ፦

ሦስት ሰው ይጫኑ፣ ኤሲውን ይክፈቱ፣ ሞዱን (የአነዳድ ምርጫውን) ኖርማል ላይ ያድርጉ። የትራፊክ ሕጉ 100 በሚፈቅድበት፣ ቀጥ ያለና ጭር ያለ መንገድ ላይ በ60 ይረጋጉ፤ ከዚያ እስከ ጥግ ይርገጡ። ሰዓቱን በስልኩ የሚይዘው ተሳፋሪው እንጂ እርስዎ አይደሉም። ሙከራውን ባትሪው ከ60 በመቶ በላይ ሳለ አንዴ፣ ከ20 በመቶ በታች ሲወርድ አንዴ ይድገሙት። ብዙ መኪኖች ባትሪው ሲያንስ ጉልበት ይቀንሳሉ፤ ከክፍለ አገር ሲመለሱ የሚነዱት ደግሞ በዚያው በቀነሰው ጉልበት ነው።

ከ6 ሰከንድ በታች ከሆነ ከበቂ በላይ ነው። 8 ሰከንድ በትዕግሥት ለሚነዳ ይሆናል። ከ10 በላይ የሚፈጅበትን ግን ለረጅም መንገድ ባይገዙት ይሻላል።

ልዩነቱ መንገድ ላይ ምን ያህል ነው? በ60 የሚሄድ ባለ ተሳቢ ቀድመው ለመግባት ከእሱ 55 ሜትር ያህል መብለጥ አለብዎት እንበል። ከ60 ተነሥቶ በ4 ሰከንድ 100 የሚገባው መኪና ቅደማውን በ7 ሰከንድ ይጨርሳል፤ 8 ሰከንድ የሚፈጅበት በ9። ልዩነቱ ሁለት ሰከንድ ብቻ ነው፤ ነገር ግን ከፊት በ80 የሚመጣ መኪና ካለ ሁለተኛው 80 ሜትር ያህል ተጨማሪ ባዶ መንገድ ይፈልጋል። ከኩርባ በፊት ያ 80 ሜትር የሕይወት ጉዳይ ነው። ፈጣኑ መኪናም ቢሆን ወደ 330 ሜትር እንደሚፈልግ አይርሱ፤ የማይታይ መንገድ ላይ የትኛውም ሞተር አያድንም።

4. የመጨረሻ ፍጥነትን ይለፉት

ሲጋል እንኳ 130 ይሄዳል፤ ከዚያ በላይ የሚነዱበት ሕጋዊ ቦታ የለም። ይልቅስ ፍጥነት የሚበላውን ኃይል ያስቡ። የአየር ግፊት በፍጥነቱ ካሬ ስለሚጨምር በ120 የሚገጥምዎት የ80ው 2.25 እጥፍ ነው። በአዳማው የፍጥነት መንገድ በ120 የሚነዳ መካከለኛ መኪና ለተመሳሳይ ርቀት በ80 ከሚነዳው ግማሽ ያህል ተጨማሪ ኃይል ይፈጃል።

ስለዚህ የዋጋ ልዩነቱ በትልቅ ባትሪና ጉልበት ለመጨመር በሚገጠም ሁለተኛ ሞተር መካከል ከሆነ ባትሪውን ይምረጡ።

5. ጎማውን ጎንበስ ብለው ይዩ

ያገለገለ መኪና ሲሆን ይህ ግድ ነው። በፊት እግሩ የሚጎተት መኪና በኃይል እየተረገጠ ከተነዳ፣ በተለይ እርጥብ ኮብልስቶን ላይ፣ የፊት ጎማዎቹ ከኋላዎቹ ቀድመው ያልቃሉ። እጅዎን ጥርሱ ላይ ያሳልፉ፤ የፊቱ ልሙጥ፣ የኋላው ሻካራ ከሆነ ዋጋ ይቀንሱበት። ሲቀይሩ ጎኑ ላይ ከተጻፈው የክብደት ቁጥር ያነሰ አይግዙ፤ ባትሪው መኪናውን ስለሚያከብደው ርካሹ ጎማ ቶሎ ይጎዳል።

6. ቁልቁለቱንም ይሞክሩ

ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ የሚወርደው መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። ለ1,500 ኪሎ መኪና 1,000 ሜትሩን መልሶ መውጣት በክብደቱ ብቻ 4 ኪሎዋት ሰዓት (የባትሪ ኃይል መለኪያ ነው) ይፈጃል፤ ሲወርዱ ሞተሩ መኪናውን እየያዘ ኃይል ስለሚያመነጭ ከዚህ የተወሰነው ወደ ባትሪው ይመለሳል። ባትሪው 100 በመቶ ከሞላ ግን የሚመለሰውን ኃይል መቀበያ ቦታ ስለሌለው ሞተሩ መያዙን ይቀንስና ሸክሙ ፍሬን ላይ ይወድቃል፤ ፍሬኑም ይግላል። ቁልቁለቱ አፍ ላይ ሲደርሱ ባትሪው ከ80 እስከ 90 በመቶ ላይ እንዲሆን አድርገው ይነሡ።