«ሰዓት ይሳሉ» ሲባል፦ በአእምሮ ምርመራ ላይ የምንሠራቸው ስህተቶች

ኢዲት ካፕላን (እ.ኤ.አ. 1924–2009) አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ባለሙያ ነበሩ። ቦስተን በሚገኝ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል ሲሠሩ ያዘጋጇቸው የአንጎል ፈተናዎች ዛሬም አሉ። ቤተሰባችሁን ስትሮክ ወይም የመርሳት ችግር ገጥሞት ለእንዲህ ያለ ምርመራ ከቀረበ፣ እነዚህን ተጠንቀቁ።

ነጥቡን ብቻ ማየት። ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ልክ እንደ ማትሪክ «ስንት አመጣ?» እንላለን። ካፕላን ግን የሚያዩት ሰውየው እንዴት እንደሳተ ነበር። ቀይና ነጭ ኩቦችን ገጣጥሞ ካርድ ላይ ያለውን ቅርጽ የማስመሰል ፈተና አለ። ሁለት ሰዎች እኩል ዜሮ ሊያገኙ ይችላሉ። አንዱ የካሬውን ዳር ጠብቆ ውስጡን ያዛባል፤ ይሄ ግራ አንጎላቸው በተጎዳ ሰዎች ላይ ይበዛል። ሌላው ካሬውን ራሱን ያፈርሰዋል፤ ይሄኛው ደግሞ የቀኝ አንጎል ጉዳት ባለባቸው። ነጥቡ አንድ፣ ችግሩ ለየቅል። ስለዚህ ሐኪሙን «የቱ ጋ ነው የተቸገረችው? እንዴት?» በሉት።

ከጎን ሹክ ማለት። ካፕላን ከባልደረቦቻቸው ጋር ያዘጋጁት የሥዕል ስም የመጥራት ፈተና 60 ሥዕሎች አሉት። እናታችሁ ስሙ ከጠፋባት መርማሪው የቃሉን የመጀመሪያ ድምፅ ይሰጣታል። በዚያ ከመጣላት ቃሉ አለ፤ ማውጣቱ ነው የከበዳት። እናንተ ቀድማችሁ ከነገራችኋት ግን ይሄ ሁሉ ገደል ገባ። ዝም ማለት እንደሚከብድ አውቃለሁ። ካልቻላችሁ ውጭ ጠብቁ።

መነጽር ረስቶ መሄድ። ያላየችውን ሥዕል ስም ከየት ታምጣው?

ሰዓቱን እንዳለ መተርጎም። ካፕላን ታካሚዎቻቸውን ሰዓት ያስስሉና 11 ሰዓት ከ10 ደቂቃ እንዲያሳይ ይጠይቁ ነበር። ተንኮል አለው። የደቂቃ ቆጣሪው መሄድ ያለበት 2 ላይ ነው፤ የፊት አንጎሉ የተጎዳ ሰው ግን «10» የሚለው ቁጥር ይስበውና እዚያው ያሳርፈዋል። አሁን ይህንን አሜሪካ ላሉ ኢትዮጵያዊ አዛውንት በአማርኛ «ከቀኑ 11 ሰዓት ከ10» በሏቸው። እኛ 11 የምንለው የፈረንጅ ሰዓት 5 ላይ ሲሆን ነው! አጭሩን ቆጣሪ 5 ላይ ቢያደርጉት ልክ ናቸው፤ የማያውቅ መርማሪ ግን ስህተት ብሎ ይይዝባቸዋል። አስተርጓሚው ከመጀመሩ በፊት ይህንን ለመርማሪው ይንገረው፤ አዛውንቱንም «በፈረንጅ ሰዓት» ይበላቸው።